ሳምራ አታለቅስም

አስካለች ከገዛ ልጇ ይልቅ ወንድሜን ቤኒን ትወደው ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ በዓይኔ ያየሁት ይህንን ነው፤ ቢያስምሉኝም እምል ነበር። ቤኒ ገና መነጫነጭ ሲጀምር አስካለች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከወጥ ቤት ትሮጣለች። የእሷዋ ሳምራ ግን ከበሩ ጀርባ በተነጠፈላት ብርድ ልብስ ላይ ተጋድማ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። እኔ በሳምራ ቦታ ብሆን አኮርፍ ነበር። ሳምራ አታኮርፍም፣ አታለቅስም። «በዚህ ቤት ውስጥ ጨዋዋ እሷ ናት» ትላለች እናቴ ለእንግዳ፣ እኔን በዓይኗ ጫፍ እያየች።

ቤታችን ወላይታ ሶዶ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ያለው ሰፈር ነው። እናቴ ትዕዛዝ የባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆነች ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ይላታል። አባቴ ሚልክያስ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ሁለቱም አፋቸውን የፈቱት በወላይትኛ ቢሆንም፣ ትምህርት እንዳይከብደን ብለው ከእኛ ጋር የሚያወሩት በአማርኛ ብቻ ነበር። ወላይትኛውን እኔ ከመንገድ ነው የለቀምኩት፤ ኋላም ከአስካለች።

ከእኔ በኋላ እናቴ ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። ቤኒ ሲወለድ ወሩ አልሞላም ነበር፤ አባቴ በአንድ መዳፉ ይይዘው ነበር። ብዙም ሳይቆይ የእናቴ ጡት አበጠ፣ መገለ፣ በቀዶ ጥገና ተከፈተ። ወተቱም በዚያው ቀረ። የቆርቆሮ ወተት ሲሰጡት ያስመልሰዋል፤ የላም ወተት ሲሰጡት ሆዱ ይነፋል። አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ሲመለሱ እናቴ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠችና «ሦስተኛውን አልቀብርም» አለች።

«ተይ እንጂ» አለ አባቴ።

«አልቀብርም አልኩህ፣ ሚልክያስ።»

እኔ ከበሩ ሥር ተቀምጬ እሰማ ነበር። የምትጣላው ከማን ጋር እንደሆነ አልገባኝም። አባቴን መስሎኝ አዘንኩለት።

በሳምንቱ አስካለች ከዲምቱ መጣች። ልጅ እግር ናት። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደወጣ መንገድ ላይ ድምፁ ጠፍቷል። ሳምራን በጀርባዋ አዝላ ነበር የመጣችው። ያኔ ሳምራ ወፍራም ነበረች፤ ጉንጯን ስቆነጥጣት ትስቅልኛለች። ስታለቅስ ደግሞ ጎረቤት ይሰማታል።

እናቴ ያደረገችላትን ሳይ በእናቴ ኮራሁ። ሥራ ከማስጀመሯ በፊት ክሊኒክ ወስዳ ደሟን አስመረመረችላት፣ ደረቷን ራጅ አስነሣችላት። ሌላ ሰው ለሠራተኛው እንዲህ አያደርግም። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ በገዛ እጇ ታቀርብላት ጀመር፤ እኔ ዳቦ በሻይ እየበላሁ። «እሷስ ለምን?» ብዬ ባኮርፍ «እንግዳ ናት» አለችኝ።

ዛሬ ገበያ ውስጥ ላም የሚገዛ ሰው ሳይ ያ ምርመራና ያ ገንፎ ትዝ ይለኛል። ላሚቱን ጥርሷን ያያሉ፣ ጡቷን ይዳስሳሉ፣ ቤት ካስገቧት በኋላ ደህና አድርገው ያበሏታል። እናቴ ለአስካለች ክፉ ነበረች አልልም። ላሟን በደንብ የምትይዝ ሴት ነበረች።

አስካለች ቤኒን የምታስተኛው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ መጋረጃ ተዘግቶ ነበር። አንድ ቀን መጋረጃውን ገልጬ ሳይ ጡቷን ግጥም አድርጎ ይዞ ይጎትታል፤ ግንባሩ አልቦታል። እናቴ ከኋላዬ መጥታ ጆሮዬን ያዘችኝ።

«ለማንም እንዳታወሪ።»

«ለምን?»

«የሰው ዓይን አለ።»

ቡዳ የሚባል ነገር የለም፣ አጉል እምነት ነው ብላ ሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምረን እሷው ነበረች። ቢሆንም ምስጢር መጠበቅ ደስ ስለሚለኝ ለማንም አላወራሁም። ለራሴ ግን አስኩ ከሳምራ ይልቅ ቤኒን እንደምትወድ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሰው የማይወደውን ልጅ እንዲህ አያቅፍም።

መጀመሪያ ሁለቱንም ታጠባ ነበር። «መንታ የሚያጠቡ ስንት አሉ» ብላ እናቴ ለአባቴ ስትነግረው ሰምቻለሁ። ቤኒ ግን ሚዛን ላይ ሲወጣ እንደታሰበው አልጨመረም። ከዚያ በኋላ ደንብ ወጣ። ቤኒ ጠግቦ እስኪተው ድረስ ሳምራ ጡት አታይም። የቤኒ ጥጋብ ደግሞ መጨረሻ አልነበረውም፤ ያንቀላፋል፣ ይነቃል፣ እንደገና ይጠባል። ለሳምራ የሚተርፋት አጥሚት ነው፤ እሱም ቀጠን ብሎ። «የገጠር ልጅ ጠንካራ ናት፣ አጥሚት ይበቃታል» አለች እናቴ። አስካለች ምን ብላ እንደመለሰች አልሰማሁም። ትታ እንዳትሄድ የአባቷ ቤት ሌላ ሁለት ጉሮሮ የሚጨመርበት ቤት አልነበረም፤ እናቴም ይህን አጣርታ ነው ያመጣቻት።

ሳምራ አምርራ ማልቀስ የጀመረችው ያኔ ነው።

ረቡዕ ረቡዕ ሳሎናችን ውስጥ የሴቶች ጸሎት አለ። መሪያቸው እህት ኢየሩሳሌም ስትጸልይ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። አንድ ረቡዕ እሷ ድምፅዋን ከፍ ባደረገች ቁጥር ሳምራም ከጓዳ ከፍ ታደርጋለች፤ እኔ ማን እንደሚያሸንፍ ለማየት ጆሮዬን አቁሜ ነበር። በመጨረሻ እህት ኢየሩሳሌም ቆመችና «ይሄ ተራ ለቅሶ አይደለም» አለች።

«ምንድን ነው ታዲያ?» አለች አንዷ።

«ጸሎት ስንጀምር ነው የሚነሣው። የጸሎት ጠላት ነው።»

ሳምራን አስመጥተው ሳሎኑ መሃል አስተኟት። ዙሪያዋን ተንበርክከው እጃቸውን ጫኑባትና የለቅሶ መንፈስ ለቅቆ እንዲወጣ ይገሥጹ ጀመር። ሳምራ የእህት ኢየሩሳሌምን አውራ ጣት ያዘች፣ ወደ አፏ ጎተተች፣ ትጠባም ጀመር። ለቅሶው ወዲያው ቀጥ አለ። ሴቶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር ዝምታውን ብቻ ሰምተው «ሃሌሉያ» አሉ። ጣቱን ያየነው ሦስት ሰዎች ነን። እኔ ሳቄ መጣ። አስካለች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቴ አንድ ዓይኗን ገልጣ ታይ ነበር።

በማግስቱ እኔና እናቴ ጀዋሂር ሱቅ ሄድን። ጀዋሂር የስልጤ ሴት ናት፤ ከባሏ ጋር የሕፃናት ዕቃ ትሸጣለች።

«ማታለያ አለሽ?» አለቻት እናቴ።

ጀዋሂር ከመስታወቱ ሥር ሮዝ ቀለም ያላት፣ ቢራቢሮ የተሣለባት ትንሽ ጡጦ አወጣች። ጠርሙስ የላት፣ ወተት አይወጣባት፤ ሕፃን እንዲሁ አፉን ሊያሞኝባት የሚጠባት ናት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የሚያምር ነገር አላየሁም።

«ጉዳት የለውም?» አለች እናቴ።

«ንጽሕናውን ከጠበቅሽ ምን ጉዳት አለው? ጥርስ ያበላሻል የሚሉ አሉ። ጡት ያስረሳል የሚሉም አሉ። ለቤኒ ነው?»

«ለቤኒስ አልሰጥም። ለሠራተኛዬ ልጅ ነው።»

ጀዋሂር ጡጦዋን በወረቀት እየጠቀለለች «እናቷ ታጠባለች አይደል?»

«ታጠባለች።»

«ታዲያ ምን ያስለቅሳታል?»

«ልጅ አይደለች እንዴ» አለች እናቴ ቦርሳዋን እየዘጋች። አልዋሸችም። ልጅ ናት፣ እናቷም ታጠባለች።

መንገዱን ሙሉ ተነጫነጭኩ። ለሠራተኛ ልጅ ቢራቢሮ ተገዝቶ ለወንድሜ ምንም የለም። «ጥርሱን ያበላሽበታል» አለችኝ እናቴ። «የሳምራንስ?» ስላት «የሳምራ ገና አልበቀለም» አለች። የቤኒም እንዳልበቀለ ትዝ ያለኝ ቤት ከገባን በኋላ ነው።

ስለ ጡጦዋ ንጽሕና እናቴን የሚወቅሳት አይገኝም። በየቀኑ በንጹሕ ውኃ ትቀቅላታለች፣ ተሰንጥቃ እንዳይሆን ጎትታ ታያታለች፣ ማሰሪያው አንገት ላይ ከተጠመጠመ ያንቃል ብላ ከልብስ ጋር በአጭሩ ታያይዛታለች። አስካለች አንድ ጊዜ ስኳር ውስጥ ልትነክራት ስትል እጇን መታቻት፤ «ልጅቷን ልትጎጃት ነው?»

ዛሬ እኔ እዚያው ሶዶ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። እናቶች ማታለያ አንሥተው እያገላበጡ «ይሄ ነገር ሕፃን አይጎዳም?» ይሉኛል። እናቴ ስታደርግ ያየሁትን ነው የምነግራቸው፤ የተማርኩትም ከዚያ ብዙ አይለይም። ቀቅዪው፣ ስንጥቅ ካለው ጣዪው፣ አንገቱ ላይ አትሰሪው፣ ማር ውስጥ አትንከሪው። ከዚያ «መጀመሪያ ግን አጥቢው። ርቦት የሚያለቅስን ልጅ በዚህ ዝም እንዳታሰኚው» እላለሁ። አብዛኞቹ ይስቃሉ። የትኛዋ እናት እንዲህ ታደርጋለች ይሉኛል።

በሚቀጥለው ረቡዕ ከጓዳ ምንም ድምፅ አልተሰማም። እህት ኢየሩሳሌም ጸሎቷን ጨርሳ አዳመጠች፣ ሴቶቹም አዳመጡ፤ አንዷ እንባዋ መጣ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናቴ ለምስክርነት ተጠርታ ማይክ ያዘች። «በቤቴ ቀንና ሌሊት የምታለቅስ ሕፃን ነበረች። እህቶች ጸለዩ፤ ጌታ ዝም አሰኛት» አለች። ጉባኤው አጨበጨበ። አስካለች ከኋላ ወንበር ላይ ሳምራን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር፤ ሰዎች እየዞሩ ያዩአቸዋል፣ ፈገግ ይሉላቸዋል።

«ማታለያዋስ?» አልኩት አባቴን በጆሮው።

«ጌታ በሱቅም በኩል ይሠራል» አለኝና ማጨብጨቡን ቀጠለ።

አባቴ ሞኝ አልነበረም። አንድ ቀን ከሥራ መጥቶ ሳምራ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ሲያያት ቆየ። «ትዕዛዝ፣ ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም ይባላል። ይቺ ልጅ እኮ ጭራሽ ድምፅ የላትም» አለ።

«የልጅህን ክብደት አይተሃል?» አለችው እናቴ።

አይቷል። ቤኒ አገጩ ሁለት ሆኗል። አባቴ ተነሥቶ እጁን ታጠበና ራት ይቅረብ አለ። እናቴ የምትፈራው ነገር ነበራት፣ እሷን ብጠላት እንኳ ትገባኛለች። አባቴን ግን እስከ ዛሬ ምን እንደምለው አላውቅም።

ማታለያዋ ከሳምራ አፍ ስትወድቅ አንሥቶ መመለስ የእኔ ሥራ ሆነ። ስመልስላት መጀመሪያ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ትጠባለች፤ እየቆየች ስትሄድ ግን አፏ ውስጥ ዝም ብላ ትይዛታለች። ፊቷ ረዘመ፣ ዓይኗ ተለቀ፣ ግንባሯ ላይ እንደ ትልቅ ሰው መስመር ወጣ። እኔ እያደገች መስሎኝ ነበር። ቤኒ ገና ሕፃን ሆኖ ሲቀር ሳምራ ቀደመችው ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ።

አንድ ቀን ምሳ እየበላን አስካለች በሩ ላይ መጥታ ቆመች። «እትዬ፣ ሳምራ ራበው» አለች። አማርኛዋ ወንዱንና ሴቱን ያቀላቅል ነበር።

«ራባት ነው የሚባለው» አልኳት።

እናቴ ሳቀች። አባቴም ሳቀ። አስካለች ትንሽ አሰበችና «ራባት» ብላ ደገመች።

«ጎበዝ!» አልኳት፣ እናቴ ተማሪዎቿን እንደምትለው። አስካለች እዚያው ቆማ ቀረች። ቤኒ ከመኝታ ቤት ሲነቃ እናቴ በአገጯ አመለከተቻት፤ ሄደች። ምሳችንን ቀጠልን።

ከዚያ ሳምራ ማሳል ጀመረች። እናቴ ራሷ ነች ጤና ጣቢያ ያደረሰቻቸው። ነርሷ አስካለችን «ታጠቢያታለሽ?» ስትላት እናቴ ቀደም ብላ «በደንብ ታጠባለች» አለችላት። ሽሮፕ ሰጥተው መለሷቸው። አንድ ጠዋት ለትምህርት ቤት ልብሴን ለብሼ ወጥ ቤት ስገባ አስካለች ሳምራን ታቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ማታለያዋ ወድቃ ነበር። አንሥቼ፣ አጥቤ፣ ልመልስላት ስል አስካለች እጄን ያዘችኝ።

«ተዪው» አለች።

«ተኝታለች?»

«አዎ።»

ያን ቀን ትምህርት ቤት ሄጄ ስመለስ አስካለች የለችም። ከሳምራ አስከሬን ጋር በመኪና ወደ ዲምቱ ወስደዋታል። እናቴ አልጋ ላይ ተደፍታ ታለቅስ ነበር፤ ከልቧ ነው፣ ሁለት ልጅ የቀበረች ሴት የሕፃን ሞት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ከለቅሶዋ መሃል ቀና አለችና «ቤኒ አሁን ምን ሊበላ ነው?» አለች።

ቤኒ ምንም አልበላም። የቆርቆሮውን ወተት አስመለሰው፤ አጥሚት ሲሰጡት ተፋው። ቤታችን በእሱ ለቅሶ ተናወጠ። እናቴ ያችን ማታለያ አንድም ጊዜ ወደ አፉ አላስጠጋችም። በመጨረሻ አባቴ መኪና ተከራየና «ልቅሶ እንደርሳለን» ብሎ እኔን ቤኒን አስታቀፈኝ። እናቴ አልመጣችም። ፊታቸውን ማየት አልችልም አለች።

«ለልቅሶ ሕፃን ይያዛል እንዴ?» አልኩት አባቴን።

«አስኩ ትናፍቀዋለች» አለኝ። የማውቀውን ነው የነገረኝ፤ ደስ አለኝ።

ዲምቱ ከሶዶ ይሞቃል። ቤታቸው ደጅ ማንጎ ሥር ሰሌን ተነጥፎ ጥቂት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ለሕፃን ብዙ ሰው አይቀመጥም። የአስካለች አባት ኤርካሎ ተነሥቶ አባቴን በሁለት እጁ ጨበጠው። አባቴ በወላይትኛ «ጦሳ ያጽናችሁ» አለ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ማለቱ ነው። ከሶዶ ድረስ የመጣ የቢሮ ሰው ነውና አክብረው ወንበር አወጡለት። እኔ አስካለችን ፈለግኋት። ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። አጠገቧ ስደርስ ቤኒ ጮኸ፤ የአስካለች ቀሚስ ደረቱ ላይ ሲረጥብ አየሁ። እሷ ግን ቀና አላለችም።

«ይሄ ልጅ ምን ሆኗል?» አሉ እናቷ በወላይትኛ። አሮጊት ናቸው፤ ዓይናቸው ያለቀሰ ሰው ዓይን ነው።

«ርቦት ነው፣ እማማ» አለ አባቴ። «እናቱ ታማለች።»

«እና ዝም ትላላችሁ? ስጪው እንጂ» አሏት ልጃቸውን። «ሕፃን እየራበው ልቅሶ ላይ ይቀመጣል? ወተቱስ ለማን ይሆናል ከእንግዲህ?»

ቤኒን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። አስካለች እጇን አላነሣችም። ቤኒ ግን ወደ ደረቷ ዞረ፣ የቀሚሷን አንገት በሁለት እጁ ያዘ፣ ፊቱን ከተተ፣ ለቅሶውን እዚያው አቆመ። መንገዱን ያውቀዋል። ሲውጥ ድምፁ ይሰማ ነበር። ሰሌኑ ላይ የነበረው ወሬ አለቀ።

አሮጊቷ ልጃቸውን አዩ፣ ቤኒን አዩ። ጭኑን በመዳፋቸው ያዙት፤ መዳፋቸው አልዞረውም። ከዚያ አባቴን አዩት። አባቴ ጫማው ላይ ያለውን አቧራ ያይ ነበር። ላጽናናቸው ፈለግሁ። «ሳምራ እኮ አታለቅስም ነበር» አልኩ በወላይትኛ። «ጨዋ ነበረች። ቤተ ክርስቲያን ተጨብጭቦላታል።»

ኤርካሎ ተነሥቶ ወደ እንሰቱ ጀርባ ሄደ።

ቤኒ አንዱን ጡት ሲጨርስ አስካለች ራሷ ወደ ሌላው አዞረችው። አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ልጁ ያለ እሷ እንደማይተርፍ፣ እንደ ቤተሰብ እንደሚይዟት ተናገረ። አሮጊቷ አላስጨረሱትም። «ሂጂ» አሏት ልጃቸውን። «ይሄኛውም እንዳይሞት።» አስካለች ቤኒን እንዳቀፈች ተነሣች። ሻንጣ አልነበራትም።

መኪናው ጋ ስንደርስ አሮጊቷ ተከትለውን መጡና እጃቸውን ቤኒ ራስ ላይ ጫኑ።

«የሁለት ልጅ ወተት ጠጥተሃል» አሉት። «ጦሳ የሁለት ልጅ ዕድሜ ይስጥህ።»

እንደዚያ ያለ ትልቅ ምርቃት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሽማግሌ ሲመርቅ ደግሞ ዝም አይባልም። አባቴ አንገቱን ደፍቶ «አሜን» አለ። እኔም ከእሱ ጮክ ብዬ «አሜን» አልኩ። ከእኛ በቀር አሜን ያለ ሰው አልነበረም።